ሞስኮንና ሴንት ፒተርስበርግን ለመጎብኘት፦ ከፓስፖርት ቁጥጥር እስከ ካፖርት መስቀያው

በየጊዜው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «ለአንድ ሳምንት ሞስኮ ልሄድ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ፒተርስበርግ አድራለሁ፤ ምን ልያዝ? ከምን ልጠንቀቅ?» መልሱን ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ስደጋግም ስለሰለቸኝ እዚህ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

ከተመለሱ ሰዎች የሰማኋቸው ችግሮች ከሞላ ጎደል አንድ ምንጭ አላቸው፤ ስልክ። መንገደኛው ባንኩን፣ ካርታውን፣ ቲኬቱንና አስተርጓሚውን ስልኩ ላይ ጭኖ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ አራቱም በአንድ ቀን እምቢ ይሉታል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የተዘጋጀው ስልክዎ ምንም እንደማይረዳዎት ታስቦ ነው። ከሠራልዎት እሰየው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርትና ቪዛ፣ የሁለቱም ፎቶ ኮፒ በሁለት ቅጂ (አንዱ በሻንጣ፣ አንዱ በኪስ)
- ለጠቅላላው ቆይታ የሚበቃ ጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ፤ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት፣ ማኅተም ያላረፈበት
- የሆቴሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ በሩሲያኛ ፊደል የታተመበት ወረቀት
- የሁለቱም ከተሞች የሜትሮ ካርታ፣ በወረቀት
- ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ
- ለሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ
- በብርድ ወቅት ከሆነ የጎማ ሶል ያለው ጫማ፣ የሚደራረብ ልብስ፣ እንዲሁም አንገቱ ላይ ማንጠልጠያ ያለው ካፖርት (የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ 8ኛውን ይመልከቱ)

አሠራሩ

1. ስምዎን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ያድርጉ።

የሩሲያ ቅጽ ሦስት ክፍት ቦታ አለው፦ ፋሚሊያ፣ ኢምያ፣ ኦትቼስትቮ። የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስም፣ የአባት ስም ማለት ነው። ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ አገሩን ያገኘ ይመስለውና የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እያከፋፈለ ይሞላዋል። ይህን አያድርጉ። ስሙን ፓስፖርትዎና ቪዛዎ ላይ በታተመበት አከፋፈል ብቻ ይገልብጡ፤ ኦትቼስትቮ የሚለው ላይ ሰረዝ ያድርጉ። ምክንያቱም የባቡር አስተናጋጇ በሩ ላይ ቆማ ቲኬቱን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ታስተያያለች። ሦስት ስም በሦስት ሰነድ ላይ በሦስት ቅደም ተከተል ሲመጣ ማስረዳቱ የእርስዎ ዕዳ ይሆናል፤ ያውም በሩሲያኛ።

2. ገንዘብዎን በጥሬው ይያዙ።

ቪዛና ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ሩሲያ ውስጥ ሥራ አቁመዋል። ከሩሲያ ውጭ ያለ ባንክ የሰጠዎት የእነዚህ ድርጅቶች ካርድ በሱቅም፣ በሆቴልም፣ በገንዘብ ማውጫ ማሽንም አይሠራም። ለታክሲና ለምሳ የሚሆን ጥቂት ሩብል አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይመንዝሩ፤ የቀረውን ከተማ ውስጥ ባንክ ገብተው ይመንዝሩ። ፓስፖርት ይጠየቃሉ። ከመስኮቱ ሳይርቁ ይቁጠሩ። ከ10,000 ዶላር በላይ ወይም በሌላ ገንዘብ ተመጣጣኙን ይዘው ከገቡ ለጉምሩክ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ንጹሕ ኖት ይያዙ ያልኩት በምክንያት ነው። አንዱ ወዳጄ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ትንሽ ቁጥር የተጻፈበት መቶ ዶላር ይዞ ሦስት ባንክ ዞረ፤ ሦስቱም በትሕትና መለሱለት።

ሆቴሉንም ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ «ክፍያ በቦታው በጥሬ ገንዘብ ትቀበላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ያትሙት።

3. የመግቢያ ካርዱን እንደ ፓስፖርት ይጠብቁ።

በድንበር ቁጥጥር ላይ ሚግራጺዮናያ ካርታ የሚባል ትንሽ ወረቀት ይሰጥዎታል፤ ግማሹ እዚያው ይቀራል፣ ግማሹን ይዘው ይገባሉ። ከመስኮቱ ከመራቅዎ በፊት ስሙን፣ የልደት ቀኑንና የፓስፖርት ቁጥሩን ያረጋግጡ። ሲወጡ ይጠየቃል፤ ሆቴሉም ያለ እሱ አይመዘግብዎትም። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ እንደ ደረሰኝ ቆሻሻ ቅርጫት የከተቱት ሰዎች አውቃለሁ።

4. ምዝገባዎን ያስጨርሱ።

የውጭ አገር ሰው በገባ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ያረፈበት አድራሻ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ከሆነ ራሱ ያስመዘግባል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ማረጋገጫ ወረቀቱን ጠይቆ መያዝ ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ካረፉ ግን ባለቤቱ ፖስታ ቤት ወይም የመንግሥት አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ማስመዝገብ አለበት። «ኋላ እናደርገዋለን» ካለዎት የሚቀጣው እሱም እርስዎም ናችሁ። ፒተርስበርግ ሲደርሱ ሁለተኛው ሆቴል እንደገና ይመዘግብዎታል፤ ወረቀቶቹን ሁሉ እስኪወጡ ድረስ ያስቀምጡ።

ፖሊስ ሰነድ ሊጠይቅዎት ይችላል። እኔ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሜትሮ መግቢያ ላይ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ ከጎኔ የሚሄዱት ነጮች አንድ ጊዜም አልተጠየቁም። ያናድዳል። ቢሆንም ክርክሩ የሚያልቀው ፓስፖርት፣ የመግቢያ ካርድና የምዝገባ ወረቀት አንድ ላይ ሲወጡ ነው፤ ስለዚህ አንድ ላይ ይያዟቸው።

5. ያለ ኢንተርኔት ለመንቀሳቀስ ይዘጋጁ።

ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ሲም ካርድ ለማውጣት የፊትና የድምፅ መለያ ምዝገባና የአገሩ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ይጠየቃል። ለሳምንት ጎብኚ አያዋጣም። የካፌና የሜትሮ ዋይፋይም መጀመሪያ ስልክ ቁጥር ጠይቆ የማረጋገጫ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ኢትዮጵያ ቁጥር ላይ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ካርታና መዝገበ ቃላት አገርዎ ሳሉ ስልክዎ ላይ ያውርዱ።

ሌላም አለ። በሞስኮ መሐል፣ በተለይ ክሬምሊን አካባቢ፣ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ይዛባል። ቀይ አደባባይ ላይ ቆመው ካርታው «ቭኑኮቮ አውሮፕላን ማረፊያ ነህ» ሊልዎት ይችላል። ስልክዎ አልተበላሸም፤ ምልክቱ ሆን ተብሎ ስለሚታወክ ነው። በዚህ ሰዓት በመተግበሪያ ታክሲ ከጠሩ መኪናው እርስዎ በሌሉበት ቆሞ ይጠብቃል። መነሻዎን በጣት ሳይሆን የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር በመጻፍ ያስገቡ።

6. አንድ ምሽት ወስደው ፊደሉን ይማሩ።

33 ፊደላት ናቸው፤ ለአማርኛ አንባቢ ይህ ቁጥር አያስፈራም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንግሊዝኛ የሚመስሉትን በእንግሊዝኛ ሲያነብ ነው። ፒ የሚመስለው «ር» ነው። ኤች የሚመስለው «ን»፣ ሲ የሚመስለው «ስ»፣ ቢ የሚመስለው «ቭ»፣ ኤክስ የሚመስለው «ኽ»፣ ዋይ የሚመስለው «ኡ» ነው። ይህን ካላወቁ «ሬስቶራን» የሚለው የምግብ ቤት ሰሌዳ «ፔክቶፓህ» ተብሎ ይነበባል። የእኛን ንጉሥ «ሠ» የምትመስል ፊደል ሲያዩ ደግሞ «ሽ» ብለው ያንብቡ፤ ይቺን የሚረሳ ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም።

እነዚህን ቃላት በቅርጻቸው ይለዩ፦ ቭኾድ (መግቢያ)፣ ቪኾድ (መውጫ)፣ ፔሬኾድ (መሸጋገሪያ)፣ ካሳ (ቲኬት መሸጫ)፣ ኦት ሴብያ (ግፉ)፣ ክ ሴብዬ (ሳቡ)፣ ሬሞንት (ጥገና ላይ)፣ ሳኒታርኒ ዴን (የጽዳት ቀን፣ ማለትም ዝግ)። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ደጋግመው ይዩዋቸው።

7. ሜትሮውን በስም ብቻ ሳይሆን በመስመር ቁጥርም ይያዙ።

የሞስኮ ሜትሮ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሠራል (በእነሱ አቆጣጠር ከ5:30 እስከ 1:00)። ትሮይካ የሚባለውን ካርድ በጥሬ ገንዘብ ከመስኮቱ ይግዙ። ፒተርስበርግ የራሷን፣ ፖዶሮዥኒክ የሚባለውን፣ ትሸጣለች።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠፋበት ቦታ ላይ ደረስን። ሞስኮ ውስጥ የሚገናኙ ጣቢያዎች ብዙውን ጊዜ በየመስመራቸው የተለያየ ስም አላቸው። ለቀይ አደባባይ የሚያወርዱት ቴያትራልናያ፣ ኦኾትኒ ርያድና ፕሎሽቻድ ሬቮልዩጺ ከመሬት በታች የተያያዙ ናቸው፤ ስማቸው ግን ሦስት ነው። በተቃራኒው ስማቸው አንድ ሆኖ የማይያያዙ አሉ። ስሞሌንስካያ የሚባሉ ሁለት ጣቢያዎች አሉ፤ አንዱ የ3ኛ መስመር፣ ሌላው የ4ኛ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በምድር ላይ በእግር ካልሆነ አይታለፍም። አርባትስካያም እንዲሁ ሁለት ነው። ሞስኮ ውስጥ በመጀመሪያ ዓመቴ ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር «ስሞሌንስካያ እንገናኝ» ተባብለን እሱ በአንዱ እኔ በሌላው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን፤ በማግስቱ ሁለታችንም «አልመጣህም» ብለን ተኳረፍን። ቀጠሮ ሲይዙ የመስመሩን ቁጥርና ቀለም ይጨምሩ።

አቅጣጫ ከጠፋብዎት ጆሮዎን ይጠቀሙ። ወደ ከተማው መሐል በሚሄድ ባቡር ጣቢያ የሚጠራው የወንድ ድምፅ ነው፤ ከመሐል በሚወጣው የሴት። በክቡ መስመር በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ወንድ፣ በተቃራኒው ሴት።

በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በቀኝ ይቁሙ፤ ግራው ለሚቸኩል ነው። የመውጫው በር ከባድና ወደ ኋላ የሚወረወር ስለሆነ ከፊትዎ ያለው ሰው ሲለቀው በእጅዎ ይቀበሉት፣ እርስዎም ለኋለኛው ይያዙለት።

በፒተርስበርግ አንዳንድ ጣቢያዎች፣ ለምሳሌ ጎስቲኒ ድቮርና ቫሲሌዎስትሮቭስካያ፣ ባቡሩ አይታይም። መድረኩ ግራና ቀኝ ግድግዳ ነው፣ ግድግዳው ላይ የብረት በሮች አሉ፤ ባቡሩ ከኋላ ሲቆም ይከፈታሉ። አሳንሰር መስሎት ቁልፍ የፈለገ ሰው አይቻለሁ።

8. ሙዚየም ከመሄድዎ በፊት የዕረፍት ቀኑን ይዩ፤ ካፖርትዎንም ያዘጋጁ።

የክሬምሊን ሙዚየሞች ሐሙስ ዝግ ናቸው። ትሬትያኮቭ ሰኞ። ፒተርስበርግ ውስጥ ኤርሚታዥ ሰኞ፣ የሩሲያ ሙዚየም ማክሰኞ። ከከተማ ወጣ ሲሉ ፒተርሆፍ ያለው ትልቁ ቤተ መንግሥት ሰኞ፣ ጻርስኮዬ ሴሎ ያለው የካትሪን ቤተ መንግሥት ማክሰኞ። ብዙዎቹ በወር አንድ የጽዳት ቀንም ይጨምራሉ። የፒተርሆፍ ፏፏቴዎች በብርዱ ወቅት አይሠሩም፤ በሚያዝያ ገደማ ተከፍተው በጥቅምት ይዘጋሉ። ለክሬምሊን ትልቅ ቦርሳ ይዘው አይሂዱ፤ ከኩታፍያ ግንብ አጠገብ ወዳለው የዕቃ ማስቀመጫ መልሰው ይሰዱዎታል።

ሰዓትን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለ። ሞስኮ፣ ፒተርስበርግና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ናቸው፤ የእጅ ሰዓትዎን አይነካኩ። አቆጣጠሩ ግን ከሌሊቱ እኩሌታ ስለሚጀምር ቲኬት ላይ 19:00 ካለ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ደብተርዎ ላይ ሁልጊዜ እንደ ቲኬቱ ይጻፉ፤ አስተርጉመው አይጻፉ።

ካፖርት ለብሶ ሙዚየም ወይም ቴአትር መግባት አይቻልም፤ ጋርዴሮብ ለሚባለው ክፍል አስረክበው ቁጥር ይቀበላሉ። ካፖርቱ የሚሰቀለው አንገቱ ላይ ባለው ትንሽ ማንጠልጠያ ነው። አንድ ጊዜ የጋርዴሮቧ አሮጊት ካፖርቴን ገልብጠው የአንገቱን ውስጥ ፈተሹ። ማንጠልጠያው ተበጥሷል። ቀና ብለው አዩኝ፣ ካፖርቱን መልሰው ገፉልኝ፣ ከዚያ ከመሳቢያቸው መርፌና ጥቁር ክር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከኋላዬ ሰልፉ እየረዘመ ቆሜ ሰፋሁት። ጨርሼ ስሰጣቸው ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርገው ፈተኑትና ቁጥሬን ሰጡኝ። እርስዎ ሆቴልዎ ውስጥ ይስፉት። ቁጥሩን ከጣሉ መቀጮ አለው።

ሰልፍ ላይ ሲደርሱ «ክቶ ፖስሌድኒ?» (መጨረሻው ማን ነው?) ብለው ይጠይቁ። ሰዎች ቦታቸውን አስመዝግበው ቁጭ ሊሉ ስለሚችሉ ባዶ የመሰለው መስኮት ባዶ ላይሆን ይችላል።

9. ቤተ ክርስቲያን በጫማ፣ ቤት ያለ ጫማ።

የእኛ ሰው የሚገለበጥበት እዚህ ነው። በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አይወለቅም። ወንድ ኮፍያውን ያወልቃል፤ ሴት ጸጉሯን ትሸፍናለች። ሰው ቤት ሲጋበዙ ግን ጫማዎን በር ላይ ያውልቁ፤ ነጠላ ጫማ ይሰጥዎታል፤ ስለዚህ ካልሲዎ ያልተቀደደ ይሁን።

ጿሚ ከሆኑ በዐቢይ ጾም ብዙ ምግብ ቤቶች «ፖስትኖዬ ሜንዩ» የሚባል የጾም ዝርዝር ያወጣሉ። ፋሲካው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ የእነሱ ጾም ግን ከእኛ ዘግይቶ ስለሚገባ በመጀመሪያው ሳምንት ዝርዝሩን ላያገኙት ይችላሉ። በሌላ ጊዜ «ቤዝ ምያሳ፣ ቤዝ ሞሎካ» (ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት) ይበሉ። ቦርሽ የቀይ ሥር ሾርባ ነው ተብሎ አይታመንም፤ መረቁ ብዙውን ጊዜ የሥጋ ነው፣ ላዩ ላይም እርጎ የመሰለ ክሬም ይደረግበታል። ውኃ ሲያዝዙ «ቤዝ ጋዛ» ካላሉ አምቦ ውኃ የሚመስለው ሊመጣልዎት ይችላል።

10. አድራሻውን እስከ መጨረሻው ይጻፉ።

አንድ የቤት ቁጥር ሥር ብዙ ሕንፃ ሊኖር ይችላል። ዶም የቤቱ ቁጥር ነው፤ ኮርፑስና ስትሮዬኒዬ በዚያው ቁጥር ሥር ያሉትን ሕንፃዎች ይለያሉ፤ ፖድየዝድ የመግቢያው በር ነው፤ ከዚያ ፎቅና የቤት ቁጥር ይከተላሉ። አንዱ ከጎደለ በብርድ ውስጥ ግቢ ለግቢ ይዞራሉ። የበሩን የይለፍ ቁጥርም አስቀድመው ይጠይቁ።

ሩሲያ ውስጥ ምድር ቤት የሚባል የለም፤ መሬት ላይ ያለው 1ኛ ፎቅ ነው። «አምስተኛ ፎቅ ና» ተብዬ አሳንሰር በሌለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ኬክ ይዤ ስወጣ፣ ምድር ቤቱን ትቼ አምስት ብዬ ስቆጥር የጣሪያው መውጫ የብረት መሰላል ሥር ደረስኩ። ከነገሩዎት ቁጥር ላይ አንድ ይቀንሱ።

11. ወደ ፒተርስበርግ የሚወስደውን ባቡር ጣቢያ በስሙ ይለዩ።

ሳፕሳን የሚባለው ፈጣን ባቡር ወደ 650 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ4 ሰዓት አካባቢ ይጨርሳል። ጣቢያዎቹ የተሰየሙት በሚወስዱበት ከተማ ነው፤ ሌኒንግራድ የፒተርስበርግ የቀድሞ ስም ነው። ስለዚህ ሞስኮ ውስጥ የሚሳፈሩት ከሌኒንግራድስኪ ጣቢያ ነው፤ ፒተርስበርግ የሚወርዱት ሞስኮቭስኪ ጣቢያ ነው። ሌኒንግራድስኪ ያለበት አደባባይ ላይ ሦስት ትልልቅ ጣቢያዎች ፊት ለፊትና ጎን ለጎን ስላሉ ለፍተሻውም ጭምር አንድ ሰዓት አስቀድመው ይድረሱ።

12. ፒተርስበርግ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት በሆቴልዎ በኩል ባለው ዳርቻ ይሁኑ።

ከተማዋን የሚያቋርጠው የኔቫ ወንዝ በረዶ በማይሆንባቸው ወራት፣ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ገደማ፣ መርከብ ለማሳለፍ ድልድዮቹ ሌሊት ይከፈታሉ፤ አብዛኞቹ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ተነሥተው እስከ ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ ይቆያሉ። ትርዒቱን ለማየት ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ያምራል። ሆቴላቸው ቫሲልዬቭስኪ ደሴት ላይ ሆኖ ከቤተ መንግሥቱ ድልድይ ማዶ ቆመው ፎቶ የሚያነሡ ግን ድልድዩ ከፍ ካለ በኋላ ነው የሚነቁት። የድልድዮቹን የሰዓት ሰሌዳ ከሆቴሉ ይጠይቁና ይገልብጡ።

ማስጠንቀቂያ

- በረዶ ሲቀልጥ ከጣሪያ ላይ የሰው ክንድ የሚያህል በረዶ ይወድቃል፤ ሰው ይገድላል። የእግረኛ መንገድ ላይ ቀይና ነጭ ጥብጣብ ከተወጠረ ከሥሩ አይሹለኩ፤ ሰዎች ጣሪያ ላይ ሆነው በረዶ እያወረዱ ነው።
- አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚከተልዎትን አይከተሉ። ከሸረሜትየቮና ከዶሞዴዶቮ ወደ ከተማ ባቡር አለ።
- ቀይ አደባባይ አካባቢ እንደ ሌኒን ወይም እንደ ዛር የለበሰ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ፎቶ ከተነሣ፣ ወይም ርግብ እጅዎ ላይ ካስቀመጡልዎት፣ ዋጋው ኋላ ነው የሚነገረው። እጅዎን ኪስ ያድርጉ።
- ወታደርና የጥበቃ ቦታ ፎቶ አያንሡ።
- በድሮን ሥጋት ምክንያት የሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለሰዓታት የሚዘጉበት ጊዜ አለ። በመጨረሻው ቀን ተያያዥ በረራ አያጣብቡ፤ ጥቂት ሩብልም ያስቀሩ።
- ማንበብ የማይችሉት ሩሲያኛ ውል ላይ፣ ሥራ ነው ቢባሉም፣ አይፈርሙ።
- የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ነው። ሞስኮ ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ።

ብዙዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ቀይ አደባባይን ለማየት መሄድ። ለሜይ 9 ሰልፍ ልምምድ ሲባል አደባባዩና መንገዶቹ ስለሚዘጉ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ይመለሳሉ። ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 ደግሞ በዓል ነው፤ ገንዘብዎን ከዚያ በፊት ይመንዝሩ።

በበጋቸው ቤት ተከራይቶ ሙቅ ውኃ አለ ብሎ ማመን። ከተማው ቧንቧውን ሲፈትሽ በየሰፈሩ ለ10 ቀን ያህል ሙቅ ውኃ ይቋረጣል። ከመክፈልዎ በፊት ማሞቂያ መኖሩን ይጠይቁ።

ለውጭው ብርድ አንድ ወፍራም ሹራብ ከሥር መልበስ። ውስጡ እንደ ምድጃ ስለሚሞቅ ማውለቅ የማይችሉትን ነገር ለብሰው ኤርሚታዥን ሲዞሩ በላብ ያልቃሉ። ስስ ስስ ልብስ ይደራርቡ። ስልክዎንም በውስጥ ኪስ ይያዙ፤ ብርድ ላይ ባትሪው በደቂቃዎች ይሞታል።

5,000 ሩብል ይዞ ውኃ ለመግዛት መሞከር። ሻጯ ኖቱን ሳይሆን እርስዎን ነው የምታየው። ትልልቁን ኖት በትልልቅ መደብር ይዘርዝሩ።

ሲጠፉ ወጣት መርጦ በእንግሊዝኛ መጠየቅም አለ። ወጣቱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለው። ሩሲያኛ የታተመበትን የሆቴል ወረቀት ያውጡና አውቶቡስ ለሚጠብቁ አሮጊት ያሳዩ። መነጽራቸውን አውጥተው ያነቡታል፣ ትንሽ ይቆጧችኋል፣ ከዚያ እጅዎን ይዘው እስከ መታጠፊያው ያደርሱዎታል።